የኢድሪስ የሙከራ ድምፅ

ከሰዓት በኋላ ወደ ኢድሪስ ቤት ስሄድ ሁልጊዜ የምገባው በፈላና በር በኩል ነው። ባለፈው ሳምንት በሩ አጠገብ ከተደረደሩት የስልክ ጥገና ሱቆች በአንዱ ፊት ሳልፍ የቀለጠ ስታኞ፣ ሽቦ የሚበየድበት ቆርቆሮ፣ ሸተተኝ። የጋለው መበየጃ ካውያ ሲነካው ብን የምትል ቀጭን ነጭ ጭስ አለች፤ ሙጫ ሙጫ ትላለች፣ ጉሮሮ ትከረክራለች። ለሌላው ሰው መጥፎ ሽታ ነው። እኔ ግን ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ሙዝ የምትሸጥ ሴት አይታኝ «አባባ፣ አሞዎት ነው?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት። ደህና አልነበርኩም። ያ ሽታ ወጣትነቴ ነው፣ ሱቃችን ነው፣ ኢድሪስ ነው። ኢድሪስ ደግሞ ከቆምኩበት ብዙም በማይርቅ ቤት፣ ጀጎል ውስጥ፣ ነደባው፣ ከፍ ያለው መደብ ላይ ተጋድሞ፣ አንድ ቃል መናገር አቅቶት ይጠብቀኛል።

ሱቃችን እዚያው አካባቢ ነበረች። አሁን ቦታዋ ላይ የሞባይል ካርድና ጫማ ይሸጣል። ያኔ በሯ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ውስጧ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሦስተኛው ቆሞ የሚያወራባት ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛችን የሸቀጥ ሣጥን ጣውላ ነበር። ግድግዳው ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች በሚስማር ተንጠልጥለዋል፤ መደርደሪያው ላይ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ቴፖች አቧራ ይጠጣሉ። የወንዱ ሱሪ ከታች ሰፊ፣ የሸሚዙ ኮሌታ የወፍ ክንፍ የሚያህል፣ ፀጉሩ የተከመረበት ዘመን ነበር። ባዶ ካሴት በሁለትና በሦስት ብር ይገዛል። ጥብቅ ፍቅር የያዘው ልጅ ባዶ ካሴት ይገዛና እኛ ዘንድ መጥቶ የሱዳን ዘፈን በአንድ በኩል፣ የአማርኛ በሌላው አስቀድቶ፣ ሽፋኑ ላይ የልጅቷን ስም በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ይወስዳል። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀር መኪናዎች ሲንጫጩ ይውላሉ፤ ነፋሱ ወደኛ ሲዞር ድምፃቸው እስከ ሱቃችን ይሰማ ነበር። ወይም የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። እርጅና ያልነበረ ድምፅም ይጨምራል።

እኔ የዚህ ከተማ ልጅ ነኝ። ቅድመ አያቴ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነበር ይባላል፤ ስሜም ሸዋንግዛው የሆነው አያቴ ያን እንዳንረሳ ብለው ነው። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ መምህር እንድሆንለት ይፈልግ ነበር። እኔ ግን ልጅ ሆኜ የቤታችንን ሬዲዮ ፈትቼ ከገጠምኩ ወዲህ ሌላ ነገር አልታየኝም። ኢድሪስን ያገኘሁት የእናቱን ሬዲዮ ይዞ መጥቶ ነው። ሬዲዮው ተሠርቶ ሄደ፤ ኢድሪስ ግን ቀረ። በመጀመሪያው ቀን ሲያወራ ዋለ፤ በማግስቱ መጥቶ ያቋረጠውን ቀጠለ፤ ከዚያ የሱቁን ኪራይ እኩል መክፈል ጀመረ። እጁ ለጥገና አልተፈጠረም። ካቻቢቴ ከያዘ ብሎን ይጠፋል። አፉ ግን ሱቁን ያኖር ነበር። ከገበያ ከመጣችው ገበሬ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጅጅጋ ከመጣው ነጋዴ ጋር በሶማልኛ፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር በጌይ ሲናን፣ በራሳቸው በሐረሪዎቹ ቋንቋ፣ ከኔ ጋር በአማርኛ ያወራል። አንዳንዴ አራቱንም በአንድ ትንፋሽ ይለዋል። ስሜን አሳጥሮ «ሸዌ» ያለኝ እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ ሸዌ አለኝ።

ቴፕ ከተጠገነ በኋላ መጫወቱ ብቻ ሳይሆን መቅዳቱም ይሞከራል። ሌላ ጠጋኝ ማይክራፎኑን ይዞ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል፤ ይበቃዋል። ኢድሪስ ግን የዋለበትን፣ የበላውን፣ ልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ የሰማውን ሐሜት፣ የኔን ጫማ ይቀዳ ነበር። ደንበኛው ቤቱ ወስዶ ሲከፍተው ከዘፈኑ በፊት ኢድሪስ አለ። የሚቆጣ ነበር፤ የሚስቅ ይበዛ ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራይቱ ስትገባ ዘፈን ብለው ቴፑን ቢከፍቱት ኢድሪስ ስለ ቲማቲም ዋጋ ሲያማርር ተሰማ። ያኔ መቅዳት ትልቅ ነገር ነበር፤ ካሴቱ ያልቃልና ሰው የሚለውን አስቦ ይላል፣ ከኢድሪስ በስተቀር። ዛሬ ስልክ ሁሉንም ይቀዳል። ሠርጉን፣ ለቅሶውን፣ የበላነውን ምሳ ይቀዳል። ማንም መልሶ አያየውም። ስልኩ ሲሞላ «ቦታ ያጽዱ» ይላል፤ ሰውም ያጸዳል። ክላውድ ላይ አስቀምጡት ይሉናል። ክላውድ ማለት የማታውቀው ሰው ቤት ማለት ነው፤ በሩን አንድ ቀን ቢቀይረው ዕቃህን ከውጭ ሆነህ ትለምናለህ። እኔ ይህን ስል ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ኮምፒዩተር ሲመጣ እኔ ወደሱ ሄድኩ። መጽሐፍ እየገለበጥኩ፣ እየሰበርኩ፣ እየጠገንኩ ለመድኩት። አማርኛ ፊደል ያልነበረው ማሽን ላይ ፊደል ጭኜ፣ የሰውን ማመልከቻና የሠርግ ካርድ እየጻፍኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። የአንዱ ፊደል በሌላው ማሽን ላይ ሲከፈት በሙሽሮቹ ስም ቦታ የቃለ አጋኖ ሰልፍ ይመጣ ነበር። ኢድሪስ ኮምፒዩተርን አልወደደውም። «ይሄ ነገር ሙቀት እንጂ ወሬ የለውም» አለና የሚስቱ የነፊሳ ቤተሰብ ያላቸው የጨርቅ ሱቅ ገባ። ጨርቅ ለሚገዙ ሴቶች እያወራ እዚያው አረጀ። እኛ ግን አልተለያየንም። ከሰዓት በኋላ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ነፊሳ ቁጢዋን፣ የቡና ቅጠሉን፣ በወተት አፍልታ ታመጣለች፤ እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። ስለ ኔትወርክ ያማርራል፣ ስለ ባጃጅ ዋጋ ያማርራል፣ ስልኩ አፕዴት ባደረገ ቁጥር የመደወያው ቦታ ስለሚቀየር ያማርራል። እዚህ ላይ እስማማለሁ። ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች አንድ የማይገባቸው ነገር አለ፤ ሰው የለመደውን ነገር ማንቀሳቀስ ቤቱ ገብቶ ጫማውን መደበቅ ነው። «ሸዌ፣ እነዚህን ሰዎች አንድ ቀን አግኝተህ ንገርልኝ» ይለኝ ነበር። እሺ እለው ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ጁምዓ ቀን ነበር፣ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየለካ ሳለ ሜትሩ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳ ጎንበስ አለና እሱም ወደቀ። ሆስፒታል ስደርስ ነፊሳ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የኢድሪስን ኮፍያ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ሄደዋል። የፊቱ ግማሽ ወርዷል። «ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ይረዳል» አለ ሐኪሙ፤ «ቃሉ ነው የማይወጣለት። ሊሻለው ይችላል። ላይሻለውም ይችላል። ሌላ ስትሮክ እንዳይመጣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ።» ነፊሳ «መናገር ብቻ ነው የከለከለው?» አለችው። ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ጥሩ ዜና የተናገረ መሰለው፤ «አዎ እናቴ፣ አእምሮው ደህና ነው» አላት። ነፊሳ ወደኔ ዞራ «ሸዌ፣ አእምሮው ደህና ሆኖ አፉ ከተዘጋ ምን ይሆናል?» አለችኝ።

የሆነውን አየሁት። ቤት ከገባ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በግራ እጁ ወደ ግድግዳው ማመልከት ጀመረ። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ታውቁታላችሁ፤ ሰፌዱ፣ ሙዳዩ፣ ሣህኑ፣ የሞቱት ዘመዶች ፎቶ ሞልቶታል። ነፊሳ አንድ ሣህን አወረደች፤ አይደለም። ሌላ አወረደች፤ አይደለም። ቁርአኑን አመጣች፤ ሳመው፣ አይደለም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየሁት። መስኮት እንከፍት እንደሆነ፣ ብርድ እንደሆነ፣ ሬዲዮ እንደሆነ ጠየቅን። አዎ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል፤ አይ ሲል ጭንቅላቱን ወደ ግራ ይጥላል። ሁሉንም አይ አለ። ፀሐይዋ ከግቢው ግድግዳ ላይ እስክትወርድ ድረስ ቆየን። በመጨረሻ እጁን አወረደና አለቀሰ፤ የሚሠራው ዓይኑም የማይሠራውም አለቀሱ። ነፊሳ ያወረደችውን ሁሉ መልሳ ሰቀለች። ምን ፈልጎ እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም።

ቤቴ ገብቼ እራት እንኳ አልበላሁም። ሕይወቴን ሙሉ የተበላሸ ነገር ሰው ሲያመጣልኝ «ነገ ና» እያልኩ ኖሬያለሁ። የምችለው አንድ ነገር መጠገን ነው፤ ስለዚህ ወደሱ ሮጥኩ። መናገር ላቃታቸው ሰዎች የተሠሩ ፕሮግራሞች እንዳሉ ሰምቼ ነበር። ሥዕሉን ስትነካው ስልኩ ይናገርልሃል። አወረድኳቸው። አንዱ አካውንት ካልከፈትክ አላስገባም ይላል፤ አንዱ በየወሩ ክፈል ይላል፤ አንዱ ኔትወርክ በሄደ ቁጥር ዲዳ ይሆናል። የባሰው ደግሞ የሚናገሩት በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው፤ አንዲት ሴት፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የምታስተናግድ ዓይነት። አማርኛ እችላለሁ ያለው ፕሮግራም «ውሃ»ን እንደ ስድብ አወጣው። ጌይ ሲናን የሚባል ቋንቋ መኖሩን የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም። ኢድሪስ ሚስቱን በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ያናገረበት ቋንቋ ለነዚያ ማሽኖች የለም። ይህ ከተማ እንዳለ ለነሱ የለም። ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ ጭንቅላቴን ያዝኩ።

ስለዚህ የራሴን ሠራሁ። በአሮጌ ታብሌት ላይ ትልልቅ ሥዕሎች ደረደርኩ፤ የውሃ፣ የምግብ፣ የሽንት ቤት፣ የሕመም። ቃሉን በራሴ ድምፅ ቀዳሁ። ወስጄ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ኢድሪስ የውሃውን ነካ። «ውሃ እፈልጋለሁ» አለ የኔ ድምፅ፣ እንደ ዜና አንባቢ። ቀና ብሎ አየኝ። ነፊሳ የሳቀች መስሎኝ ነበር፤ ሳያት ግን አልሳቀችም። «ሸዌ፣ አትቀየመኝ» አለች፤ «ግን ባሌ በአንተ ድምፅ ነው ነፊሳ ሊለኝ?» ኢድሪስ ታብሌቱን ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ገፋው። ምሽቱን ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የታሰበኝ። የራሱ ድምፅ እኮ አለ። በዚህ ከተማ ውስጥ፣ በየሰው ቤት፣ በየካሴቱ ጫፍ ላይ አለ።

መፈለግ ጀመርኩ። የድሮ ደንበኞቻችንን አንድ በአንድ አስታወስኩ። ግማሾቹ ሞተዋል፤ ግማሾቹ ሄደዋል። በር አንኳኩቼ «ካሴት አላችሁ?» ስል እንደ ዕብድ የሚያየኝ ነበር። አንዲት ሴትዮ ባሏ የተወውን ካሴት ሁሉ ፈትታ ሪባኑን ወፍ እህሏን እንዳይበላባት ማሳዋ ላይ ወጥራዋለች፤ ሄጄ አየሁት፣ በነፋስ ይብለጨለጫል። አንዱ ቤት የነበረውን ሻጋታ በልቶታል። ሌላው ቤት በኢድሪስ ድምፅ ላይ ስብከት ተቀድቶበታል፤ ሌላው ላይ መንዙማ። አንድ አገኘሁ ብዬ በደስታ ይዤ ቤት ስገባ ሪባኑ ቴፔ ውስጥ ተጠቀለለና ተበጠሰ፤ በእስክሪብቶ እያዞርኩ፣ በማጣበቂያ እየቀጠልኩ ሞከርኩ፤ የወጣው ድምፅ ከውሃ ሥር እንደሚያወራ ሰው ነበር። አንድም ቃል አይለይም። ባለቤቴ «ሰውየው ሳይሞት አንተ ልትሞት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። እንቅልፍ አልነበረኝም። በየቀኑ ኢድሪስ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ምን እየሠራሁ እንደሆነ አልነግረውም፣ እሱም መጠየቅ አይችልም።

በመጨረሻ ሐኪም በሚባለው ጋራ ግርጌ ወደሚኖሩት አሥር አለቃ ደምሴ ሄድኩ። ከሰሜን ተመድበው የመጡ ወታደር ነበሩ፤ እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ጡረታ ወጥተው ቀሩ። ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አሥር አለቃ፣ ድሮ እኛ ዘንድ ያሠሩት ቴፕ ይኖርዎታል?»

«ቴፑ ከሞተ ቆየ። ካሴቶቹ አሉ። ለምንህ ነው?»

«የኢድሪስን ድምፅ እየፈለግኩ ነው።»

«ያ ለፍላፊ? ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም። መናገር አቅቶት ነው።»

«ኢድሪስ መናገር አቃተው» አሉ ለራሳቸው፣ የማይሆን ነገር እንደሰማ ሰው። ተነስተው ገቡና የወታደር ሻንጣ እየጎተቱ መጡ። «ያኔ ዘፈኔን አበላሸብኝ ብዬ ላጠፋው ነበር» አሉኝ። «ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እንዳትነካው አለችኝ። ከዘፈኑ እሱን ትወደው ነበር። ቀን ሲከፋባት ትከፍተዋለች።» የሚያዞረውን ቺንጋ ቀይሬ፣ ድምፁን ከሪባኑ የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ጠርጌ ያመጣሁትን ቴፕ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። ካሴቱን እሳቸው አስገቡ።

መጀመሪያ ሪባኑ ሽሽ ሲል ብቻ ተሰማ። ከዚያ መጣ።

«ሄሎ፣ ሄሎ። ይሄ የአሥር አለቃ ደምሴ ቴፕ ነው። ይንተባተብ ነበር፣ አሁን ተሽሎታል። ሸዌ፣ ፒንሳውን አትፈልገው፣ እግርህ ሥር ነው። ነፊሳ ዛሬ ሳምቡሳ ልካለች፤ ለሸዌ አንድ፣ ለኔ የቀረው። አይ፣ አይ፣ እንዳትነካ። ቆይ አቦ፣ እየቀዳሁ ነው። አሥር አለቃ፣ ይህን ከሰሙ ቴፑ ይሠራል ማለት ነው፤ ካልሰሙ ይመለሱ። በቃ። ውሃ ስጠኝ ሸዌ፣ አፌ ደረቀ።»

ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ዘፈኑ። አሥር አለቃ ፊታቸውን ወደ ጋራው አዞሩ። በሳምቡሳው ሲላፉ የነበሩትን ልጆች ሰማኋቸው፤ አንዱ እኔ ነበርኩ፣ «ልቀቀኝ እንጂ» ስል ከሩቅ እሰማለሁ። ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ስትጨርስ መልስልኝ» አሉኝ፤ «የሷም ነው።»

ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር ገልብጬ መቁረጥ ጀመርኩ። ድምፅን በዓይን ማየት እንግዳ ነገር ነው፤ ሰውየው እንደ ተራራ ሰንሰለት ይሆናል። «ሸዌ» አጭር ጉብታ ናት። «ነፊሳ» ሦስት ጉብታ ናት፣ የመጨረሻዋ ረዘም ትላለች፤ ስሟን ሲጠራ ጎተት ያደርገው ነበር፣ እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። «ዛሬ»ን አገኘሁ፣ «አይ»ን፣ «ቆይ»ን፣ «በቃ»ን፣ «ውሃ ስጠኝ»ን አገኘሁ። «አመመኝ» የሚል ፈልጌ አጣሁ። «ፈራሁ»፣ «ደገፉኝ»፣ «ጨነቀኝ» የሚል የለም። በዚያ ዕድሜው አሞትም ጨንቆትም አያውቅም ነበር። አሁን የሚያስፈልጉት ቃላት አንዳቸውም በዚያ አፍ አልተነገሩም። እንግዲህ ያለውን ይዤ እሄዳለሁ አልኩ። ፕሮግራሞቹ ከአጭር ናሙና ተነስተው ማንኛውንም ቃል በሰውየው ድምፅ ይናገራሉ ይባላል። ሞከርኩት፤ ለእንግሊዝኛ ነው። ኢድሪስን ባልተናገረው ቋንቋ ሰማሁትና ዘጋሁት።

ሥዕሎቹንና የቆረጥኩትን ድምፅ ስልክ ላይ ጭኜ ማክሰኞ ከሰዓት ወሰድኩለት። ነፊሳ ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠበች ነበር። ኢድሪስን በትራስ ደግፌ አቀናሁትና ስልኩን በግራ እጁ አስያዝኩት። ምንም አልነገርኩትም። የውሃዋን ሥዕል ነካ።

«ውሃ ስጠኝ» አለ ኢድሪስ። የሃያ ዓመቱ ኢድሪስ።

«መጣሁ» አለች ነፊሳ ከግቢው።

ለኔ፣ በአማርኛ የተባለ መሆኑን ሳታስብ፣ ድምፁን ብቻ ሰምታ ነው ያለችው። ስንት ዓመት ስትመልስ እንደኖረችው፣ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ። ከዚያ የምትጨምቀው ልብስ ድምፅ ቆመ። ኩባያ ይዛ ገባችና በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ ላይ ያየሁትን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ልጃገረድ ሆና ነበር። ቃሉ የተፈታለት፣ የዳነ መስሏት ነበር። ወደሱ መጣች፤ ዓይኗ ግን ስልኩ ላይ ነበር እንጂ እሱ ላይ አልነበረም። ኢድሪስ ያንን አየ። እኔ ሲያየው አየሁት። ኩባያውን ወደ አፉ ብታስጠጋለት ከንፈሩን አልከፈተም።

«ጠጣ እንጂ፣ አንተ ነህ ያልከው» አለችው።

ጭንቅላቱን ወደ ግራ ጣለ። ኩባያዋን ነደባው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ወደኔ ዞረና መዳፉን ብርድ ልብሱ ላይ አሻሸ፣ ፍርፋሪ እንደሚጠርግ ሰው። ያልገባኝ መሰልኩ። ደገመው፤ በጣቱ ወደ ስልኩ አመለከተ፣ እንደገና ጠረገ።

«አጥፋው ነው የምትለኝ?»

ዓይኑን ጨፈነ።

«ኢድሪስ፣ ቤት ለቤት ስዞር ነው የከረምኩት። አንድ ነገር እንኳ ትልበታለህ። ሌላ የለንም እኮ።»

ዓይኑን እንደጨፈነ ቆየ። ሲከፍተው እርጥብ ነበር፤ የተቆጣ ግን አልነበረም። የሚለምነኝ ነበር። ስንት ዓመት ስንኖር ለምኖኝ አያውቅም። ስልኩን ወስጄ አንድ ላይ መረጥኳቸውና ማጥፊያውን ነካሁ። «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ ስልኩ። ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ እጠላው ነበር፤ ለማይረባው ሁሉ ይጠይቃሉ፣ ሰውም ሳያነብ አዎ ይላል። በዚያን ቀን ግን አነበብኩት። ኢድሪስ ግራ እጁን ዘርግቶ አዎ የምትለውን ራሱ ተጫናት።

ከዚያ ቁጢውን ጠጣን። እኔም ማውራት ጀመርኩ፤ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ስለ አሥር አለቃ፣ ሪባኑን ማሳዋ ላይ ስለ ወጠረችው ሴት፣ አካውንት ካልከፈትክ አላስገባም ስላለኝ ፕሮግራም አወራሁለት። እሱ ይሰማል። ቦታ ተለዋወጥን ማለት ነው፤ እሱ የኔን ሥራ ይችልበታል፣ እኔ የሱን አልችልም።

ስወጣ ነፊሳ እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«አጠፋችሁት አይደል?»

«አጠፋነው።»

«ሌላ ግን አለ። አንተን አውቅሃለሁ፣ አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጥም።»

«አለ። ቤት ኮምፒዩተሩ ላይ።»

ሻሿን አስተካከለች። ወደ ቤቱ ዘወር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እዚህ አታምጣው። እሱ በሕይወት እያለ እኔ ያንን እየሰማሁ ከሱ ጋር መኖር አልችልም። አሁን የሱ ዝምታ ነው የኔ ባል። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«በኋላ ግን፣ አላህ ያንን ቀን ያርቀውና፣ እደውልልሃለሁ። ያኔ ታመጣልኛለህ።»

ካሴቱን ለአሥር አለቃ መለስኩ። ቅጂውን ኮምፒዩተሬ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ የልጄ ስልክ ላይ፣ የምጠላው ክላውድም ላይ አስቀመጥኩ። ከፍቼ ሰምቼው አላውቅም። ሐኪሙ በቅርቡ ሲያየው የደም ግፊቱ አልወርድ እንዳለ ነግሮናል፤ ኢድሪስም ከስቷል፣ ከሰዓት ስደርስ ተኝቶ የማገኘው ቀን በዝቷል። ስልኬ ሲጮህ፣ የነፊሳ ስም ሲበራ፣ ያ ቀን የመጣ መስሎኝ ወዲያው ማንሳት አልችልም። ጥቂት አስጮኸዋለሁ። ከዚያ አነሳለሁ፤ የሷ ትንፋሽ ይቀድማል፣ እኔም ግድግዳ ይዤ እጠብቃለሁ።

ዛሬም ደወለች።

«ሸዌ» አለችኝ፣ «ስትመጣ ዳቦ ይዘህ ና።»

«እሺ» አልኳትና ጫማዬን አደረግኩ።